በገዛ ቤታቸው ባይተዋር ስለሆኑ ልጆቻችን

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ጽሕፈት ቤት፣ ጅዳ
በጅዳ ለኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ አመራር
በጅዳና በመካ ለምትኖሩ ወላጆች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶችና ወገኖች በሙሉ

ጉዳዩ፦ መስማት ለተሳናቸው ልጆቻችን የአእምሮ ጤና ድጋፍ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ጅዳ የምኖር፣ መስማት የተሳናት ልጅ የማሳድግ እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በዚህ ከተማም ሆነ በመካ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ ጎረቤት “ዱዳው” እያለ የሚጠራቸው፣ ትምህርት ቤት ያልደረሱ ወይም ደርሰው የተመለሱ የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። ስለ ጆሯቸው ሐኪም ቤት እንመላለሳለን። በልባቸው ውስጥ ያለውን ፍርሃት፣ ንዴትና ብቸኝነት ግን የሚጠይቅ አካል እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ እነዚህ ልጆች ከእናት ከአባታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ እንዲኖራቸው ኮሚዩኒቲያችን ቦታና አስተማሪ ይስጥ። የአእምሮ ጤናቸው ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ የዐርብ ምሳ ይበቃል። ቤተሰቡ ትሪ ከቦ ተቀምጧል። አባት ስለ አሠሪው ይናገራል፤ አክስት ከወሎ በስልክ የሰማችውን ወሬ ታወራለች፤ ሁሉም ይስቃል። መስማት የተሳነው ልጅ ጉርሻውን እንደያዘ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ያያል። የእናቱን እጅጌ ጎተት አድርጎ “ምንድን ነው?” በሚል አገጩን ቀና ያደርጋል። እናቱ ወደ ሳህኑ እያመለከተች “ምንም አይደል፣ ብላ” ትለዋለች። ልጁ ጥቂት ይቆይና፣ ሌሎቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ፣ እሱም ይስቃል።

ይህ ልጅ አልተራበም፤ የመታውም የለም፤ እናቱ ነፍሷን ትሰጥለታለች። ይሁን እንጂ አያቱ መሞታቸውን፣ አባቱ ለምን እንደከፋው፣ በሚቀጥለው ወር ቤት እንደሚለቀቅ የሚያውቀው ሁሉም ካወቀው በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያውቀውም። ሰሚ ልጅ ማንም ሳያስተምረው፣ በሩ ሥር እየተጫወተ ከሚሰማው የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ ብዙ ነገር ይቀስማል። ሰው ተጣልቶ እንዴት እንደሚታረቅ፣ ሐዘን እንዴት እንደሚያልፍ፣ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚማረው እንደዚያ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ግን ያ ሁሉ ያመልጠዋል። ስሜቱን የሚጠራበት ቃል ስለሌለው፣ ሲከፋው ከመንከስ፣ ዕቃ ከመወርወር ወይም ከማኩረፍ ሌላ መንገድ አይኖረውም። እኛም “አስቸጋሪ ልጅ” እንለዋለን።

ይህ የእናት ስሜት ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የአእምሮ ጤና ባወጣው ጽሑፍ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ሐሳቡን ማስረዳት የማይችል መስማት የተሳነው ልጅ፣ ከቤተሰቡ ጋር በደንብ ከሚግባባው መስማት የተሳነው ልጅ ይልቅ ለአእምሮ ጤና ችግር የመጋለጥ ዕድሉ አራት እጥፍ እንደሆነ ገልጿል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ልጆች አይሰሙም። የሚለያያቸው በቤታቸው ውስጥ ያለው መግባባት ነው። ለእኛ ትልቅ ተስፋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጆሮውን መመለስ ባንችል እንኳ ቤታችንን መለወጥ እንችላለን።

ወላጆችም ሊወቀሱ አይገባም። በዓለም ላይ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ልጃቸው እስኪወለድ ወይም እስኪታመም ድረስ መስማት የተሳነው ሰው አጠገብ ተቀምጠው የማያውቁ ወላጆች፣ በአንድ ጀምበር አዲስ ቋንቋ እንዲናገሩ ይጠበቅባቸዋል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሠርቶ ለሚያድር ቤተሰብ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነው።

እዚህ የምንኖርበትን ሁኔታ ስናስብ የልጆቻችን ጭንቀት የራሱ መልክ እንዳለው እናያለን። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ የመኖሪያ ወረቀት በሌላቸው ላይ የተጀመረውን ዘመቻ የማያስታውስ የለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል። ከዚያም ወዲህ ፍተሻ አለ በተባለ ቁጥር ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ቤት መብራቱን ያጠፋል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ትንፋሹን ይውጣል። ሰሚውን ልጅ እናቱ በጨለማ ውስጥ በሹክሹክታ “አይዞህ፣ ያልፋል” ትለዋለች። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን መብራት ሲጠፋ ቋንቋውም አብሮ ይጠፋል። እቅፏ ውስጥ ሆኖ የእናቱ ልብ ሲደልቅ ይሰማዋል፤ ለምን እንደሚደልቅ የሚነግረው የለም። ማግሥቱን በብርሃን ተቀምጦ የሚያስረዳው ካላገኘ፣ ፍርሃቱ ምክንያቱን ሳያውቅ ውስጡ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ እንደ ጉለይልና ፔትሮሚን ያሉ የደቡብ ጅዳ ሰፈሮች ሲፈርሱም እንዲሁ ነበር። አዋቂው ወሬውን ሰምቶ፣ ተማክሮ፣ አልቅሶ ቤቱን ይለቃል። ያልተነገረው ልጅ ግን አንድ ቀን ዕቃ ሲጫን ያያል፤ በማግሥቱ በማያውቀው ግድግዳ ሥር ይነቃል። ከበር ወደ በር እየተያዩ በእጅ ሰላምታ አብሮት ይጫወት የነበረው የጎረቤት ልጅ የት እንደገባ አያውቅም። አዲሱ ቤት ውስጥ ማታ ማታ አልጋውን ሲያረጥብ የተረበሸው በሌላ ነገር ይመስለናል።

ስለዚህ ወላጆች እነዚህን ምልክቶች ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። እንቅልፍ ማጣት፤ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሽንት ማታ ማምለጥ፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲባል የሚነሳ የሆድ ቁርጠት፤ ራስን መምታት ወይም መንከስ፤ ይወደው የነበረውን ጨዋታ መተው፤ ሰው ሊያናግረው ሲል ሆን ብሎ ፊትን ማዞር ወይም ዓይንን መጨፈን። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው፤ የሚሰማው በዓይኑ ለሆነ ልጅ ዓይኑን መጨፈን በሩን መዝጋት ነው። እነዚህ ነገሮች ለሳምንታት ከቀጠሉ የባለጌነት ምልክት አይደሉም፤ በዱላ አይድኑም፤ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ሌላም የምፈራው ነገር አለ። መናገር የማይችል ልጅ ለክፉ ሰው የተመቸ ነው። አካሉ ላይ የደረሰውን ነገር የሚገልጽበት ምልክት ያልተማረ ልጅ ጥቃት ቢደርስበት ለማን ይነግራል? “አይሆንም”፣ “ነካኝ”፣ “አመመኝ”፣ “ፈራሁ”፣ “ማን?” የሚሉትን ምልክቶች ማወቅ ለልጁ እንደ ክትባት ነው። የሳዑዲ የሕፃናት መርጃ ስልክ 116111 ነው፤ ልጁ ራሱ ደውሎ መናገር ስለማይችል፣ ስለ እሱ የሚደውል ጎረቤትና መምህር ያስፈልገዋል።

ክቡራን፣ ቋንቋ ስንል የቱን ቋንቋ የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ይነገራል፤ ደጁ ዐረብኛ ነው። የሳዑዲ መስማት የተሳናቸው የራሳቸው የምልክት ቋንቋ አላቸው፤ የእኛም አገር የምልክት ቋንቋ ከእነሱ የተለየ ነው። “ነገ ወደ አገራችን እንገባለንና የዚህን አገር ምልክት ለምን ይማር?” የሚል ወላጅ አለ። “እዚሁ ነው የሚያድገው፣ የኢትዮጵያው ምን ይሠራለታል?” የሚልም አለ። በዚህ ክርክር መሐል ልጁ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ይሞላዋል፤ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚቀበልበት ዘመን እነዚያ ዓመታት ናቸው። አንድ ቋንቋ አጥርቶ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን ለመጨመር አይቸገርም፤ አንድም ሳይኖረው ያደገ ልጅ ግን በኋላ የሚሞላው አይገኝም። ስለዚህ በአቅራቢያው አብሮት የሚነጋገር ሰው ባለበት ቋንቋ ይጀምር። ሌላው ይደርሳል።

“ምልክት ከለመደ መናገር ይተዋል” የሚለውም ፍርሃት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ፤ በብዙ አገር የምልክት ቋንቋ ከክፍል ተባረረ፤ እጃቸው እየተመታ ያደጉ ትውልዶች ነበሩ። ያው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ያንን ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ላደረሰው ጉዳት መጸጸቱን ገልጿል። ዓለም በ130 ዓመት የተማረውን እኛ እንደገና በልጆቻችን ላይ መሞከር የለብንም።

የመስሚያ መሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚገጠም ኮክሌር የሚያገኝ ልጅ ካለ እሰየው። ሆኖም ኮክሌር ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ማስተካከያው፣ ባትሪው፣ የሚበላሸው መለዋወጫና የንግግር ልምምዱ ለዓመታት ይከተላል። ቤተሰቡ በድንገት ወደ አገር ቢመለስ ያንን ክትትል በቀላሉ አያገኝም። መሣሪያ ያለውም የሌለውም ልጅ፣ ሲታጠብም ሲተኛም ሲያወልቀውም የሚጠቀምበት ቋንቋ ያስፈልገዋል።

እዚህ ሳዑዲ ውስጥ የሚያኮራ ሥራ አለ። አል አመል የተባሉት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ተቋማት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጅዳ ውስጥ የጅዳ የንግግርና የመስማት ማዕከል አለ። በሆስፒታል ለሚወለዱ ሕፃናት የመስማት ምርመራ ይደረጋል። የእኛ ችግር ብዙ ቤተሰብ እዚያ በር ላይ አለመድረሱ ነው። ወረቀት የሌላት እናት ቤት ውስጥ ስትወልድ ልጇ ያ ምርመራ ያመልጠዋል። ኢቃማ ያለውም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል፣ በዓመት 4,800 ሪያል ይከፍላል፤ ሦስት ልጅ ያለው ሹፌር ከዚያ በኋላ ለልዩ ትምህርትና ለሥነ ልቦና ባለሙያ የሚተርፈው ስንት ነው?

ይህን ሁሉ ይዤ ለቆንስላው ጽሕፈት ቤትና ለኮሚዩኒቲው የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የዐርብ ክፍል ይከፈት። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በኮሚዩኒቲው አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል፣ ቤተሰብ ከነልጁ ተሰብስቦ የምልክት ቋንቋ ይማር። አስተማሪዎቹ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ልጆቻችን አድጎ ሥራ የያዘ፣ ቤተሰብ የመሠረተ፣ የሚስቅና የሚቀልድ መስማት የተሳነው ሰው ማየት አለባቸው፤ ብዙዎቹ አንድም አይተው አያውቁምና። እናት ያልተማረች ብትሆን አያግዳትም፤ ለእጅ ቋንቋ ፊደል መቁጠር ግዴታ አይደለም። ፊደል ለቆጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደላችንን በእጅ ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ይታወቁ። ስንት እንደሆኑ፣ የት ሰፈር እንዳሉ፣ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሳይታወቅ ሥራ አይጀመርም። ምዝገባው ግን የመኖሪያ ወረቀት የማይጠይቅ፣ ስማቸው ለማንም የማይተላለፍ መሆኑ በግልጽ ይነገር። ካልሆነ ከሁሉ በላይ የተቸገረችው እናት አትመጣም።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ ይመደብ። ዛሬ የአሥር ዓመት እህት ሐኪሙ ስለ ወንድሟ የሚለውን ከዐረብኛ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለወንድሟ ትተረጉማለች። ከባዱን ዜና መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት። ዐረብኛና አማርኛ የሚችሉ ፈቃደኛ ወጣቶቻችን ተራ ገብተው ቤተሰቦችን ወደ ጆሮና ወደ አእምሮ ሐኪም ቢሸኙ ያቺ ልጅ ወደ ልጅነቷ ትመለሳለች። ለወንድምና ለእህቶችም የሚነጋገሩበት ጊዜ ይመቻች።

አራተኛ፣ ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ ሁሉ ከሆስፒታል እንደወጣ መስማቱ ይመርመር። በሽታው የመስማት ችሎታን ከሚያጠፉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ አገራችንም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ ናት። ሳዑዲ ለሐጅና ለዑምራ የሚመጣ ሁሉ እንዲከተብ የምታዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ትናንት ይሰማ የነበረ ልጅ ድንገት ዝምታ ውስጥ ሲገባ የሚደርስበት ድንጋጤ ከባድ ነው። ለእሱም ለቤተሰቡም ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ያኔውኑ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ወደ አገር ለሚመለሱ ልጆች መሸጋገሪያ ይዘጋጅ። ቤተሰብ ሲመለስ ልጁ የተማረውን የምልክት ቋንቋ፣ ጓደኞቹንና መምህሩን በአንድ ቀን ያጣል። ቆንስላው ከጉዞ ሰነዱ ጋር የልጁን የምርመራ ውጤት፣ የትምህርት ደረጃና የሚግባባበትን ቋንቋ የያዘ ፋይል ቢሰጠው፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ከዜሮ አይጀምርም። ከኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ጋር ግንኙነት ይፈጠር። መካኒሳን፣ አልፋንና ሆሳዕናን የመሳሰሉ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች አሉን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ከዚያ የሚወጡ ባለሙያዎች በስልክ ቪዲዮ ለዐርቡ ክፍል ትምህርት ቢሰጡ፣ ልጆቻችን አገራቸው ሳይደርሱ የአገራቸውን ቋንቋ ያውቁታል።

የሃይማኖት አባቶቻችን፣ የእናንተ ቃል በቤታችን ከሐኪም ቃል ይበልጣል። ልጁ እንዲድን ዱዓው አይቋረጥ፣ ጸሎቱም አይቅር። እስኪድን እየተጠበቀ ግን ቋንቋ አይነፈግ በሉልን። በመካ በታላቁ መስጂድ የጁምዓ ኹጥባ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል፤ ከጅዳ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሄዱ፣ ልጆቹ የእነሱን ቋንቋ ያከበረ ትልቅ ቦታ ያያሉ። በዚያችው በመካ የወረደችው የዐበሰ ምዕራፍ ለዐይነ ስውሩ ለዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም ፊት መንሳት እንደማይገባ ያስተማረች ናት። እሳቸው በኋላ ከቢላል ጋር አዛን አድራጊ ሆነዋል። ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ልጆቻችን ስትሉ ንገሩት።

ወላጆች፣ አዳራሹ እስኪከፈት አንጠብቅ። ዛሬ ማታ የሚቻል ነገር አለ። ልጃችሁን ስታናግሩ ብርሃን ፊታችሁ ላይ ይሁን፤ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ዐይን ለዐይን ተያዩ። ገበታ ላይ አንድ ሰው ለልጁ የሚያስረዳ ይሁን፤ ተራው ይዙር፣ እናት ብቻ አትሸከመው። “በኋላ እነግርሃለሁ” ካላችሁት፣ በእርግጥም በኋላ ንገሩት። ጠዋት ወዴት እንደምትሄዱ በሥዕል ወይም በስልካችሁ ፎቶ አሳዩት። የደስታ፣ የሐዘን፣ የንዴትና የፍርሃት ምልክት ለየብቻ ይኑራችሁ። ማታ ለጨለማው ትንሽ መብራት አኑሩለት። እንግዳ ሲመጣ ልጃችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡት፤ ስሙን ጠርታችሁ አስተዋውቁት።

ክቡራን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23ን የምልክት ቋንቋዎች ቀን ብሎ በየዓመቱ እንዲከበር ወስኗል። ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዐረቢያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቁ አገሮች ናቸው፤ ጥያቄዬ በሁለቱም አገር ሕግ ፊት የሚያሳፍር አይደለም። ከመጪው ሴፕቴምበር 23 በፊት የመጀመሪያው የዐርብ ክፍል እንዲከፈት፣ ለዚያም የምንነጋገርበት ቀጠሮ እንዲሰጠን በትሕትና እጠይቃለሁ። አዳራሹን ስጡን፤ እናቶቹን ቤት ለቤት ዞሬ የምሰበስበው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
መስማት የተሳናት ልጅ እናት
ጅዳ